ፍሬ የሌለው ደም

ሰፈሩም ላቦራቶሪውም ጥቅሻ ይላታል። ስሙ የወጣላት ገና ሥራ ስትጀምር ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ማይክሮስኮፕ አንድ ማያ ብቻ ስለነበረው ቀኑን ሙሉ ግራ ዓይኗን ጨፍና በቀኟ ስታይ ትውላለች፤ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግራ ዓይኗ አልከፈት እያለ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ ይጠቅሳል። አንድ ዳቦ ሻጭ ጥቅሻውን የምሩን ወስዶ እስከ ደጃፏ ተከተላት። በሩን የከፈተው ታላቅ ወንድሟ ነበር። ዳቦ ሻጩ ሁለት የፊት ጥርሱን ደፉ ላይ ጥሎ ሄደ፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ዳቦ የምትገዛው በሌላ መንገድ ዞራ ነው። ታሪኩን ራሷ ስታወራው ሰው ይስቃል። ጥርሶቹን በመጥረጊያ የጠረገቻቸው እሷ መሆኗን ግን አትጨምርም።

ሥራዋ የዱር ወፎችን ደም ማንበብ ነው። ከከተማው ግማሽ ቀን በመኪና የሚርቅ፣ እርጥበቱ የማይደርቅ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አለ። እዚያ የሚያዙት ወፎች እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ይታሰርላቸውና ከክንፋቸው ሥር አንዲት ጠብታ ይወሰድባቸዋል። ጠብታዋ የወፏ ቁጥር በተጻፈበት መስታወት ላይ ትቀባለች፣ ትደርቃለች፣ አልኮል ውስጥ ትነከራለች፤ ከዚያ በእንጨት ሣጥን ተደርድራ በሳምንት አንዴ ወደ ከተማ ትመጣለች። ጥቅሻ ቀለም ታጠጣትና፣ ዘይት ጠብ አድርጋባት፣ ሌንሱን አውርዳ ትቀመጣለች። የወፍ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ሰው ክብና ባዶ አይደለም። ሞላላ ነው፤ መሐሉ ላይም እንደ ቴምር ፍሬ ያለ ሐምራዊ አስኳል ተሸክሟል። ወፏን የሚያሳምመው የደም ጥገኛ ተሕዋስ የሚለየው ያን ፍሬ ምን እንዳደረገው በማየት ነው። አንዱ ሳይነካው እንደ ልጓም ይጠመጠምበታል። ሌላው ገፍቶ ጥግ ያስይዘውና እዚያው ይራባል፤ ሲበዛ ቤቱን አፈንድቶ ይወጣል። ሦስተኛው ሕዋሱን እስኪቀደድ ይወጥረዋል፣ ፍሬውንም ግድግዳው ላይ ይደፈጥጠዋል። ከውጭ ሲያዩዋት ግን ወፏ ላባዋ ያበራል፣ ትዘፍናለች።

ለአዳዲስ ሠራተኞች ደጋግማ የምትነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ጎጂውን አትፈልጉ፣ የተጎዳውን እዩ፣ ጎጂው ራሱን ከዚያ ያሳያል። ይህን ስትል ድምፅዋ አይለወጥም። አንዲትን ወፍ ከውስጥ የሚበላትን ነገር ለይታ ትመዘግብና ሻይዋን ትጠጣለች። ከዓመታት በፊት አንድ የተሳሳተ ንባብ ተገኝቶባት ነበር ይባላል። እሷ ቀለሙ ነው ትላለች።

የዚህ ሥራ ሌላኛው ጫፍ ታላቅ ወንድሟ ነው። ጫካው ውስጥ መረብ የሚዘረጋው እሱ ነው፤ ጭልፊት ይሉታል። ለዓይኑ የተሰጠው ስም ነው የሚሉ አሉ፣ ለጥፍሩ ነው የሚሉም አሉ። መረቡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ክር ሲሆን በሁለት የቀርከሃ ምሰሶ መካከል ሲወጠር ከጥላው አይለይም። ወፏ በሙሉ ኃይሏ መጥታ ትላተምበታለች፣ በታገለች ቁጥርም ይበልጥ ትተበተባለች። ጭልፊት አንዲት ላባ ሳይነቅል ይፈታታል፤ በዚህ የሚተካከለው የለም። የነከሰችውን ግን አይምራትም። አውራ ጣቱን ደረቷ ላይ አሳርፎ ትንፋሿ እስኪቆም ይጫናል። ድምፅ የለውም፣ ደምም የለውም። ለላቦራቶሪው መረብ ላይ ሞተች ተብሎ ይነገራል።

አባታቸው በቀበቶ የሚማታ ሰው ነበር፤ የሚማታውም በዘለበቱ በኩል ነው። ኮቴው ደረጃው ላይ ሲሰማ ጭልፊት ታናሽ እህቱን አልጋ ሥር ይከታትና ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ጠርዙ ላይ ይቀመጣል። እሷ ከሥር ሆና የምታየው የአባቷን ጫማና የወንድሟን ተረከዝ ነበር። ተረከዙ በየምቱ ከወለሉ ብድግ ይላል፣ ተመልሶ ያርፋል። ሲያበቃ «ሚጢ፣ በቃ ውጪ» ይላታል። የዘለበቱ ቅርጽ ዛሬም ጀርባው ላይ አለ። አባትየው አንድ ቀን ከዚያው ደረጃ ወደቀና አንገቱ ተሰብሮ ሞተ። ወደቀ የሚለው የቤተሰቡ ቃል ነው። ልጁ ያኔ ትከሻው ሰፍቶ ነበር። እናታቸው ደረጃውን አጠበች፣ ከዚያ በኋላም ነገሩን አንስታ አታውቅም። ጥቅሻ ስለ ወንድሟ ክፉ ሲወራ ሰምታ እንዳልሰማች ማለፍን የተማረችው እዚያ አልጋ ሥር ነው።

ጭልፊት ዘግይቶ አገባ። ሚስቱ ከጫካው ጥግ ካለ መንደር የመጣች፣ አጭር፣ እጀ ፈጣን፣ ስትናገር አፏን በመዳፏ የምትከልል ወጣት ሴት ናት። ወላጆቿ ሞተዋል፤ አንዲት አክስት ብቻ አለቻት። ጥቅሻን «እትዬ» ትላታለች። ጫካው ውስጥ ባለው የመረብ ሠራተኞች ሰፈር ደሙን መስታወት ላይ የሚቀባ፣ ቅብ የሚሠራ ሰው ስላስፈለገ ጥቅሻ ላቦራቶሪው ድረስ አስመጥታ አስተማረቻት። በሁለተኛው መስታወት ጠርዝ ጠብታዋን ነክቶ፣ አዘንብሎ፣ ሳይቆሙና ሳይጫኑ ወደፊት መግፋት ነው። ብዙ ሰው ወር ይፈጅበታል። እሷ በዚያው ቀን ጫፉ እንደ ላባ የሚሳሳ ቅብ ሠራች። ጥቅሻ ደስ ስላላት እንደ ሽልማት ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠቻት፤ መጀመሪያ የወፍ፣ ቀጥሎ ከራሷ ጣት የተወሰደ ደም አሳየቻት።

«ይኸኛው የወፍ ነው። ያኛው ያንቺ።»

«የኔ ለምን ባዶ ሆነ?»

«የሰው ሁሉ ባዶ ነው።»

«የሱም?» አለች ልጅቷ፣ ወደ ደጅ፣ ጭልፊት መኪና ወደሚጭንበት በአገጯ እየጠቆመች። ሁለቱም እስኪያንቃቸው ሳቁ። አፏን መከለል የረሳችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከጎን አንድ ጥርስ እንደጎደላት ጥቅሻ ያኔ አየች። ቅርንጫፍ መታኝ አለች። ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ሰውን ይመታል፤ ጥቅሻም ተቀበለችው።

ዝናብ ሲገባ ሌሎቹ የመረብ ሠራተኞች ወደየቤታቸው ይበተናሉ፤ ሰፈሩ ላይ ባልና ሚስቱ ብቻ ይቀራሉ። ሁለት የቆርቆሮ ክፍሎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ወፎቹ ተራቸውን የሚጠብቁባቸው ምስማር ላይ የተንጠለጠሉ የጨርቅ ከረጢቶች ነው ያሉት። ያለችውን አንዲት ስልክ ጭልፊት በኪሱ ይይዛታል። ሣጥኑን የሚያመጣው ሾፌር ወሬ የሚወድ ሰው ነው፤ በዚያ ክረምት ግን ወሬ አጣ። ሚስትየው ከክፍሏ አትወጣም፣ ሣጥኑን የሚያስረክበው ባልየው ነው፣ መኪናው እስኪታጠፍም ቆሞ ያያል። እንግዲህ ከዚያ ቦታ በሴትየዋ እጅ ተነክቶ የሚወጣ ነገር ቅቡ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው የመጣው ከአንዲት ትንሽ አረንጓዴ ወፍ ቁጥር ሥር ነው። ጥቅሻ ሌንሱን አወረደች፤ በሌንሱ የሚታየው ሜዳ በክብ በክብ፣ ባዶ በባዶ ሕዋስ ተሞልቷል። አንድም ፍሬ የለም። የሰው ደም ነው። መርፌ አዳልጧት ይሆናል ብላ መስታወቱን ስባሪ የሚጣልበት ባልዲ ውስጥ ወረወረችው። በሚቀጥለው ሣጥን ሦስት መጡ። መርፌ ያዳለጠው ሰው ደም ከወፍ ጋር ይቀላቀላል፤ እነዚህ ግን ንጹሕ የሰው ነበሩ፣ ጫፋቸውም እንደ ላባ ሳስቶ ያለቀ፣ በጥንቃቄ የተሠራ። ይህን ሁሉ አየች። አይታም በሥራው በኩል ብቻ አሰበችው። ቀለበት የታሰረላት ወፍ ሁሉ ቅብ ሊኖራት ይገባል፤ ወፍ ሳትቀዳ ካመለጠች ቁጥሩ ባዶ ይቀራል፣ ጭልፊትም ባዶ ቁጥር አይወድም። ልጅቷ እንዳትቆጣ ከጣቷ እየቀዳች ትሞላለች ማለት ነው። ብልጠቱ አሳቃት። ሦስቱንም ባልዲው ውስጥ ጣለች።

በዚያው ሳምንት ጭልፊት ስንቅ ሊገዛ ከተማ ወረደና እናቱ ቤት ምሳ ቀረበለት። ጥቅሻ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። ሾርባ እየበሉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ጎማ ስለቀዳደደው ድንጋይ ተወራ። ጥቅሻ ቀልድ ስታወራ ቀድማ የምትስቅ ሰው ናት፤ ያን ቀንም ቀድማ ሳቀች።

«ወንድም ጋሼ፣ እዚያ ጫካ ክንፍ ያለው ሰው ይያዛል እንዴ? ሚስትህ የሰው ደም በወፍ ቁጥር ትልክልኛለች።»

እናትየው ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጦ ስንት እንደሆነ ጠየቀ፤ አራት ነው አለችው። በየትኛው ሣጥን እንደሆነ ጠየቀ፤ ነገረችው። ቁጥሮቹን ጠየቀ፤ ቁጥር አይጠፋትምና በቃሏ ዘረዘረችለት። በመጨረሻ ምናልባት ተሳስተሽ እንዳይሆን አላት። ጥቅሻን በዚህ ዓለም የሚያስቆጣት ነገር ቢኖር ይህ ጥያቄ ነው።

«እኔ? የሰውን ደም ከወፍ ልሳሳት? ንጹሕ የሰው ነው፣ ያውም አስባ የሠራችው።»

ጭልፊት አፉን ጠረገና ተነሣ። ሾርባው ግማሽ አልተነካም፣ የገዛው ዱቄትና ዘይትም ኮሪደሩ ላይ ቀረ። እናትየው ምን ነካው ብላ ጠየቀች፤ ጥቅሻ ወፎቹን ያስባል አለች።

ቀጣዩ ሣጥን ሲመጣ ጥቅሻ ገና ቀለም ሳታጠጣቸው፣ መስታወቶቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን እንዳነሣች ቆመች። ቅቦቹ ወፍራም ነበሩ፣ እንደ ማርማላታ። ጫፍ የላቸውም፤ አንዳንዱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ተደፍጥጧል። የልጅቷን እጅ ከመቶ መሐል ታውቀዋለች፤ ይህ የእሷ አይደለም። ሾፌሩን ጠራችው። ሚስትየው መረብ ሲሰቀል ከሚወጣበት መሰላል ወድቃለች አሉ፣ አለ።

«አየሃት?»

«አላየኋትም። ሰማኋት እንጂ።»

«ምን ስትል?»

ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። «ምንም። ሰው ዝም ለማለት ሲታገል የሚያሰማው ድምፅ አለ አይደል? እሱን ነው።»

ጥቅሻ ጓንት አድርጋ የስባሪ ባልዲውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠች። ከአራቱ ሦስቱን አገኘች፤ አንዱ ለሁለት ተሰብሯል። እንደገና ከሌንሱ ሥር አደረገቻቸው። የመጀመሪያ ጊዜ ያየቻቸው የወፍ ጥገኛ ፈልጋ ነበር፤ የሰው ደም መሆኑን ስታውቅ ዓይኗን አነሣች። አሁን እንደ ታማሚ ደም አነበበችው። ከቀዮቹ መሐል ከሌሎቹ ተለቅ ያሉ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደሉ ሕዋሶች በየሜዳው ነበሩ። ሳይበስሉ የወጡ ናቸው፤ ሰውነት የፈሰሰበትን ደም ለመተካት ሲቸኩል የሚያወጣቸው። አንድ ቀን ከጣት የወጣ ጠብታ ይህን አያመጣም። ቅቡን የሠራችው ሴት ለቀናት ደም ሲፈሳት ቆይታለች። ጉዳቱ መስታወቱ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፣ አንባቢዋ ግን ቀልድ አድርጋ ወንድሟ ሳህን ላይ አቀረበችው።

ቤት ገብታ ጫማዋን ስትቀይር እናቷ በሩ ላይ ቆመች። የሰው ትዳር መሐል አይገባም አለቻት፤ ወንድምሽ ነው፣ ጀርባውን ረሳሽው ወይ አለቻት። ከመሰላል ወደቀች ከተባለ ወድቃለች፣ ነገር አታንፍሪ አለች።

«አባዬም ወድቆ ነው የሞተው» አለች ጥቅሻ።

እናትየው ከበሩ ዞር አለች።

ሾፌሩ ወደ ጫካው ይዟት ሄደ። ሰፈሩ ከመድረሳቸው በፊት መረቦቹ ታዩ። አልተጠቀለሉም፣ ማንም አልጎበኛቸውም። በእያንዳንዱ ላይ ወፎች በክንፍ፣ በእግር፣ በአንገት ተሰቅለው ሞተዋል፤ ጉንዳን በምሰሶው ወጥቶ ከዓይናቸው ጀምሯቸዋል። አንዷ ገና በሕይወት ነበረች፤ መንቆሯን ከፍታ፣ ድምፅ ሳይወጣት፣ በነፋሱ ትሽከረከራለች። የሁለት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ቀርቶ ነበር፤ ያ አንድ ሰውም በሌላ ነገር ተጠምዷል።

ልጅቷ በውስጠኛው ክፍል የቀርከሃ አልጋ ላይ ተኝታለች። ፊቷ ግማሹ አብጦ ግማሹ የእሷ ነው። ጆሮዋ ውስጥ ደም ደርቋል። ቀኝ እጇ በከረጢት ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጥቅሻ ጨርቁን ፈታችው። ሦስት ጣቶች ተሰብረዋል፤ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ፣ አንዱ ወደ ጎን። የወደቀ ሰው እጁን በአንድ አቅጣጫ ይሰብራል። እነዚህ አንድ በአንድ፣ በመሐሉ ፋታ እየተሰጠ፣ የተሰበሩ ነበሩ። ትንፋሿ አጭር ነው፤ ጎኗን ሲነኳት ዓይኗ ይገለበጣል። በዚህ ቤት አንድ ሳምንት ብትቆይ ትሞታለች። ጥቅሻ ብዙ የሚሞት ነገር ያየች ናትና ይህን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም።

«ትነሺያለሽ?» አለቻት።

ልጅቷ በሩን አየች። ጭልፊት እዚያ ቆሞ ነበር። ከንፈሩ ተላጧል፣ ሸሚዙ በጭቃና በላባ ተለውሷል። አልጮኸም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስለ ሥራው ማውራት ጀመረ፤ ብቻውን እንደሆነ፣ ቅብ እጁ ላይ እምቢ እንዳለው፣ ሴትየዋ ጤናዋ ከተመለሰ ሁሉም እንደሚስተካከል። እንደ ድሮው ለስለስ ያለ ድምፅ ነበረው። ሲጨርስ ሸሚዙን ከወገቡ ነቅሎ ጀርባውን አዞረላት።

«ይኼ የማን ነው፣ ሚጢ?»

«የኔ ነው» አለች።

«ካወቅሽ ውጪልኝ።»

ጥቅሻ የልጅቷን ደህና እጅ አንገቷ ላይ አጋድማ አነሣቻት። ጭልፊት ከወንበሩ አልተንቀሳቀሰም። ደጁን አልፈው፣ ጠረጴዛውን አልፈው፣ መኪናው ዘንድ ደረሱ። ሾፌሩ በሩን ከፈተ። ያኔ ነው ከኋላ የመጣው። የሚስቱን ፀጉር በአንድ እጁ ጠቅልሎ ጎተታት፤ እሷ በጀርባዋ ጭቃው ላይ ወደቀች። ሾፌሩ ተው እንጂ ወንድሜ ብሎ መሐል ገባ፤ ጭልፊት በሌላው እጁ የቀርከሃ ምሰሶ አንሥቶ ጆሮውን መታው። ሾፌሩ በጉልበቱ ተንበረከከ። ጭልፊት የሚስቱን ፀጉር እንደያዘ ወደ ክፍሉ መጎተት ጀመረ፤ የልጅቷ ተረከዝ ጭቃውን ሁለት ቦይ እያወጣበት ይሄዳል።

ምሰሶ የሚተከልበት መዶሻ ከጠረጴዛው ሥር ነበር። ጥቅሻ አነሣችው። ጩኸት አላሰማችም፣ ስሙንም አልጠራችም። ፀጉሩን የያዘውን አንጓ ነው የመታችው። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ቀርከሃ ጮኸ፤ ያ እጅ አንዲት ላባ ሳይነቅል መረብ የሚፈታው እጅ ነው። ጣቶቹ ግን አልለቀቁም። ሁለተኛውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈችው። ጭልፊት የያዘውን ፀጉር ለቆ ተቀመጠ። ጭቃው ውስጥ፣ እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ፣ ቁጭ ብሎ ቀና ብሎ አያት።

«ሚጢ» አለ።

ሦስተኛውን አነሣች። ከፍ ያደረገችው ከራሱ በላይ ነበር፤ የምትመታውም የት እንደሆነ ዓይኗ ለይቶ ጨርሷል። ክንዷን አንድ ነገር ያዘው። ከጭቃው የተነሣችው ልጅ የተሰበረ እጅ ነበር፤ በሁለት ጤነኛ ጣቶቹ እጅጌዋን ጨብጧል።

«ይበቃል፣ እትዬ። መኪናው ይሂድ።»

ጥቅሻ መዶሻውን ሣሩ ላይ ጣለች። ሾፌሩ ጆሮውን በኮፍያው ደግፎ መኪናውን አስነሣ። ድልድዩ ዘንድ ካለው የፖሊስ ኬላ ሲደርሱ ጥቅሻ ራሷ ወርዳ ሰፈሩ ላይ እጁና ጉልበቱ የተሰበረ ሰው እንዳለ፣ ሰባሪዋም እሷ እንደሆነች፣ ሰውየው ሚስቱን እንዴት እንዳደረገም ተናገረች። ፖሊሱ ወደ መኪናው መጥቶ በመስኮቱ አጮለቀ፣ ከዚያ ልጅቷን ጤና ጣቢያ አድርሺ፣ ኋላ ትጠየቂያለሽ አላት።

ከድልድዩ ወዲህ መንገዱ ደህና ነው። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ጥቅሻ ጭን ላይ ተደግፋለች። ብዙ ከሄዱ በኋላ ተናገረች፤ ድምፅዋ ከጥርሶቿ መሐል እየተጣራ ይወጣል። ደሙን መላክ የጀመረችው ሆዷ ውስጥ የነበረው ፅንስ ከወረደ በኋላ ነው። በጫማ ረግጧት ነበር፤ ከዚያ መፍሰሱ አልቆም አለ። ማን ያውቅልኛል ብላ ስታስብ የመጣላት አንድ ሰው ነው። ጥቅሻ ታነበዋለች፣ ስታነበውም ትመጣለች ብላ በየቀኑ የመኪና ድምፅ ታዳምጥ ነበር።

«አንድ ቀን ከከተማ ተመልሶ መጣና እህቴ ነገረችኝ አለኝ። ውሸትህን ነው አልኩት። ሁለተኛውን ጣት እስኪሰብር ድረስ ውሸትህን ነው እለው ነበር።»

ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ። ጥቅሻ በመስኮቱ በኩል ምንም አልፈለገችም፣ ግን ወደዚያ አየች።

«ውሸት አልነበረም» አለች።

«አውቃለሁ። ሦስተኛው ላይ ቁጥሮቹን ጠራልኝ።» ከዚያ ጠየቀች፤ «ስታዪው ምን መሰለሽ?»

«ወፍ አምልጦሽ የሞላሽበት።»

ልጅቷ ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ ተከፍቶ እንደገና ደማ። «አንድም ወፍ አምልጦኝ አያውቅም፣ እትዬ።»

ከዚያ በኋላ ጥቅሻ ነገር ታበዛ ጀመር። እኛ ቤት ትተኛለሽ አለች፣ ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ አለች፣ እጅሽ ሲድን ላቦራቶሪው ውስጥ ከኔ ጋር ትሠሪያለሽ አለች። ልጅቷ እስክትጨርስ ጠበቀቻትና አክስቷ የምትኖርበትን ሰፈር ለሾፌሩ ነገረችው፤ ከጤና ጣቢያው በኋላ እዚያ እንዲያደርሳት። የእናንተን ደረጃ አልወጣም አለች። በቁጣ አልነበረም፤ ሰው ዝናብ ነው፣ ጃንጥላ ያዙ እንደሚለው ነው ያለችው።

ጤና ጣቢያው ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ የተቀባ ቤት ነው። ነርሷ የልጅቷን እጅ ገልጣ አየችና የሚጠብቁትን ሁሉ አሳልፋ አስገባቻቸው። ሸሚዟን በመቀስ ቀደደች፣ ጎኗን በጣቷ ጫፍ ነካካች፣ ከየት እንደሚፈሳትና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች፤ ልጅቷ ሳትቸኩል ሁሉንም በተራ መለሰች። ማን አደረገው ሲባል ባሌ አለች። ነርሷ ቀና ብላ በአልጋው ወዲያ በኩል የቆመችውን፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነባትን ሴት አየች።

«እሷስ ምንሽ ናት?»

ልጅቷ አሰበች። ጥቅሻ የአልጋውን ብረት ይዛ ነበር። ግራ ዓይኗ፣ እንደ ደከማት ጊዜ፣ ጨፈን ጨፈን ይላል።

«የሥራ ባልደረባዬ ናት።»

«ዘመድ ካልሆነች ውጭ ትጠብቅ» አለች ነርሷ።

ጥቅሻ ብረቱን ለቀቀች፣ ወጣች፣ በሩን ራሷ ዘጋችው።